የሀበሻ ዶሮና የሀገር ውስጥ ጫማ

በአዲስ አበባ ገበያ «የሀበሻ» የምትለዋ ቃል ሁለት ዓይነት ዕጣ አላት። ዶሮ ተራ ስትነገር ዋጋ ታስጨምራለች፤ ጫማ መደብር ስትነገር ዋጋ ታስቀንሳለች። የሀበሻ ዶሮ ከፈረንጅ ዶሮ ይወደዳል። የሀበሻ እንቁላል በመጠኑ አንሶ በተፈላጊነቱ ይበልጣል። ፍሬው ደቃቅ፣ ለመላጥ የሚያታክተው የሀገራችን ነጭ ሽንኩርት እያለ፣ ፍሬው የደለበውን የቻይናውን «ሽታ የለውም» ብለው የሚያልፉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚሁ እናቶች አንዷ ግን ዘንቢሏን እንደያዘች ለልጇ የትምህርት ቤት ጫማ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የውጭ ነው?» የሚል ይሆናል። ሻጩ «አይ፣ የሀገር ውስጥ ነው» ካላት እጇን ትሰበስባለች።

ለመሆኑ አንዲት ሴት በአንድ ቀን፣ አንድ ዘንቢል እንዳንጠለጠለች፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ የምትሰጠው ለምንድን ነው? ስለ ሀገር ምርት በተናገርን ቁጥር የምንሰማቸው ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «የሀገር ፍቅር ጠፍቷል» የሚል ነው። ሁለተኛው «የኛ ሰው ጥራት ያለው ነገር መሥራት አይችልም» ይላል። ሁለቱም ዶሮዋን ማስረዳት አይችሉም። ፍቅር ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዶሮ ተራ ላይም በጠፋ ነበር። የኛ ነገር ሁሉ ጥራት የሌለው ቢሆን ኖሮ ለሸኖ ቅቤ ማንም ተጨማሪ ብር ባልከፈለ ነበር።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት እንዲህ ነው፦ እናታችን በቅቤና በዶሮ ላይ ዳኛ ናት። ቅቤውን ታሸተዋለች፤ በጣቷ ነክታ በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ከየት እንደመጣ ትጠይቅና መልሱን ከሽታው ጋር ታስተያያለች። ዶሮዋን አንሥታ ክብደቷን ትመዝናለች፤ ደረቷን ትዳስሳለች። ይህን ማንም ዘመቻ አላስተማራትም፤ ከእናቷ ጓዳ የወረሰችው ዕውቀት ነው። ስለሆነም ሻጩ የሚለጥፈው ስም አያሞኛትም። ጫማ ላይ ግን ዳኝነቷ ያበቃል። ቆዳውን ከፕላስቲኩ፣ የተሰፋውን ከተለጠፈው ለመለየት ያስተማራት የለም። ዕውቀት በሌለበት ደግሞ ማህተም ይነግሣል፤ ማህተሙ የሚላትን ታምናለች።

ማህተሙ ግን ብዙ ጊዜ ውሸታም ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የጫማ መደብር ውስጥ ይህ ጸሐፊ የሰማው ንግግር እንዲህ ነበር። ወጣቱ ሻጭ ጥቁር የወንድ ጫማ ገልብጦ «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚለውን የሶሉን ጽሑፍ እያሳየ፣ «ሀጂ፣ ይሄ ኦሪጅናል የጣሊያን ነው፤ ይዩት» አለ። ኮፍያቸውን የደፉት አዛውንት ጫማውን ተቀብለው፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ውስጡን አሽትተው መለሱለትና፣ «ልጄ፣ ይህ መርካቶ የተሰፋ ነው። ደግሞም ጥሩ ስፌት ነው። የኛ ነው ብትለኝ ምን ይጎድልሃል?» አሉት። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «ሀጂ፣ እርስዎ ስለሚያውቁ ነው። የኛ ነው ስል ሌላው ሰው ግማሽ ዋጋ ነው የሚሰጠኝ» አለ።

ከልጁ ይልቅ የገረመኝ ቦታው ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ይህን ስም ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የራሷ ግዛት አድርጌአለሁ ስትል ይህን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ለዚህ ውለታ አዲስ አበባ አደባባይ ሰየመችላት፤ በሜክሲኮ ዋና ከተማም በበኩሉ በኢትዮጵያ የተሰየመ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እንግዲህ «ኢትዮጵያ የጣሊያን አይደለችም» ላለች ሀገር መታሰቢያ በሆነ አደባባይ ዙሪያ፣ በኢትዮጵያዊ እጅ የተሰፋ ጫማ «የጣሊያን ነኝ» ካላለ ገዢ አያገኝም። ፋሺስት በጦር ያላገኘውን ፈርማ እኛ በሶል ላይ ጽፈን ሰጠነው ብል ማጋነን ይመስል ይሆን?

የጫማው ታሪክ ራሱ ሊተረክ የሚገባው ነው። በአዲስ አበባ የጫማ ፋብሪካ የጀመሩት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርመናውያን ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቀድሞ ዳርማር ይባል የነበረው የዛሬው አንበሳ ጫማ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በእነዚህ ፋብሪካዎች የሠለጠኑ ሠራተኞች እየወጡ መርካቶ ውስጥ የየራሳቸውን ትናንሽ ወርክሾፖች ከፈቱ፤ ከእነርሱም ሌሎች ተማሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኛ አቆጣጠር) የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። መልኩ ያማረ፣ ዋጋው የረከሰ ነበርና ሕዝቡ ተሻማበት። ብዙ ወርክሾፖች ተዘጉ፤ ሠራተኞች ተበተኑ። በዚያን ጊዜ የሀገር ውስጥ ጫማ አበቃለት ያላለ ሰው አልነበረም።

ነገር ግን አላበቃለትም። ሰው የቻይናውን ጫማ ገዝቶ አንድ ክረምት ካሳለፈበት በኋላ ሶሉ ከላዩ ሲለያይ አየ። የመርካቶ ሰፊዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የመጣውን ሞዴል ፈትተው መረመሩ፣ ቅርጹን ወሰዱ፣ በሰው ሠራሽ ቆዳ ፋንታ የኛን የበግና የበሬ ቆዳ አደረጉበት፣ ሶሉንም አሻሻሉ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ በቆዳ ጫማ ረገድ ገበያውን መልሰው ያዙ። ይህንን የኢኮኖሚ አጥኚዎች ሳይቀሩ ከባሕር ማዶ መጥተው ጽፈውበታል። በዚያ ጊዜ «የሀገራችሁን ግዙ» የሚል ትልቅ ዘመቻ የመራ አካል አልነበረም። ድሉን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ገዢው በእግሩ ተማረ፤ ሠሪው በእጁ ተማረ።

የሚያሳዝነው ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። ሠሪው አሸንፎ ሳለ ስሙን መጻፍ ፈራ። በሶሉ ላይ የራሱን ስምና የሰፈሩን ስም ቢጽፍ ኖሮ፣ በጎ ሲሠራ የሚመሰገን፣ ሲያበላሽ የሚወቀስ ሰው ይኖር ነበር። የሌላ ሀገር ስም ስለጻፈ ግን ጥሩው ጫማ ለጣሊያን ምስጋና ሆነ፤ መጥፎው ጫማ ሲቀደድ ግን «ዱሮም የኛ ሰው…» ተባለ። ምስጋናው ወደ ውጭ፣ ስድቡ ወደ ውስጥ!

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ውሸትም አለ። ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ፣ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ቀናት የፈጀበት ቀሚስ አጠገብ፣ ጥበቡ በማሽን የታተመ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ «የሀበሻ ልብስ» ተብሎ ተሰቅሏል። በአንድ ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያው ጫማ ጣሊያናዊ ነኝ ይላል፤ የባሕር ማዶው ጨርቅ ሀበሻ ነኝ ይላል። ሁለቱም የሚኖሩት ገዢው መመርመር በተወበት በዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። (አያቶቻችን አቡጀዲንም በባዕድነቱ አልጠሉትም፤ ግን ጥጥ መሆኑንና ክሩን ያውቁ ነበር።)

ሠሪውን ይህን ያህል ያሳፈረው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ረጅም ታሪክ አለ፤ እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ከማንም ይበልጥ ልናውቀው የሚገባን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ርስት የተነፈገ ሰው መተዳደሪያው እጁ ነውና አባቶቻችን በንግድና በሽመና ኖሩ። ያ ሀገር ግን ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ይንቅ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ»፣ ብረት ሠሪው «ቀጥቃጭ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተባሉ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በቅጣት የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አንድ መንግሥት «ማረሻችሁን የሚሠራላችሁን ሰው አትስደቡ» ብሎ አዋጅ ለማስነገር መገደዱ በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል።

ስድቡ ዛሬ በአፍ ብዙም አይነገርም። ወደ ዋጋ ተለውጧል። «የሀገር ውስጥ ነው» ሲባል ግማሽ ዋጋ የምንሰጠው ጫማውን መዝነን አይደለም፤ የሰፊውን እጅ ድሮ በመዘነው ሚዛን ነው። ዶሮዋና ቅቤው ከዚህ ያመለጡት ገበሬው ስላልተናቀ ብቻ ሳይሆን፣ ገዢዋ ራሷ የጓዳው ባለሙያ ስለሆነች ነው።

የዘመኑን ዘመቻዎች የምተቸውም ከዚሁ አንጻር ነው። በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄ ተጀመረ። ዓላማውን የሚጠላ የለም፤ ኤግዚቢሽኑም ሩጫውም መልካም ነው። ነገር ግን መፈክር የሚናገረው ለልብ ነው፤ ችግሩ ያለው ዓይንና እጅ ላይ ነው። ከዚያም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከ38 ዓይነት ዕቃዎች በላይ… አይደለም፣ በትክክል 38 ዓይነት ዕቃዎች ከውጭ እንዲገቡ የባንክ የውጭ ምንዛሪ አይፈቀድላቸውም ተባለ። ብስኩቱም፣ ቸኮሌቱም፣ የቤት ዕቃውም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ተነሣ። በእነዚያ ወራት ሱቆች ከውጭ ብስኩት ባዶ ሆነው አላየንም፤ ዋጋው ግን ሰማይ ነካ፤ «የውጭ» የሚለው ስም ከመርከሱ ይልቅ ከበረ። የተከለከለ ነገር ይናፈቃልና። ብር ከተዳከመ ወዲህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የሀገር ውስጡን የሚገዛው ወድዶ ሳይሆን አቅም አጥቶ ነው። ተገድዶ የገዛ ሰው ኪሱ ሲሞላ ተመልሶ ይሄዳል።

ሠሪዎቻችንም በዚህ ጽሑፍ ተሸፋፍነው ማለፍ የለባቸውም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ መካከል ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩም ዝናብ ነው የመታው ብሎ ሲመልስ፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው እንደገሠጹት በሐዲስ የታወቀ ነው። በኛ ገበያ እርጥቡን ከላይ የሚያደርግ ስንት ነው? መጀመሪያ በወጣበት ወር ጥሩ አረፋ የነበረው ሳሙና በስድስተኛው ወር እንደ ጭቃ ይሟሟል፤ ማሸጊያው ግን ያው ነው። ቆዳ ነው የተባለው ቀበቶ በሁለት ወር እንደ ወረቀት ይላላጣል። ለመመለስ የሄደ ሰው «ከወጣ በኋላ አንቀበልም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ያነባል። በሸኖ ቅቤ ላይ እንዲህ አይደረግም፤ ሻጯ በሳምንቱ ያንኑ ደንበኛ እንደምታገኘው ታውቃለችና። የሀገር ምርት ትልቁ ብልጫ መሆን የነበረበት ይኸው ነው። የጣሊያኑን ሰፊ ሄደን አናገኘውም፤ የመርካቶውን ግን በታክሲ ሄደን ደጁ ላይ ልንቆም እንችላለን። ይህን ብልጫ ራሱ ሠሪው በሐሰተኛ ማህተም ደፈነው።

ቡናችን እንኳ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን እንጠጣዋለን፤ ይህ በቡና አምራች አገሮች ዘንድ ብርቅ ነው። ሆኖም ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃ ቡና ሀገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዘመን በሕግ ተከልክሎ ኖሯል። በዚህ የተነሣ ባለሱቁ ቡናውን ሲያሞግስ «ኤክስፖርት ነው» ይላል። የኛው ቡና ለኛው ሲቀርብ እንኳ ማዕረጉ የውጭ ሰው መጠጣቱ ነው።

ይህንኑ መመዘኛ ከሸቀጥ ወደ ዕረፍት ስንወስደው ያው ሆኖ እናገኘዋለን። የቤተሰብ ዕረፍት ሲታሰብ ኑሮው ደህና የሆነ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው ዱባይ ነው፤ ቀጥሎ ኢስታንቡል። ሐጅና ዑምራ ከዚህ ወሬ ውስጥ አይገቡም፤ እነርሱ ዒባዳ ናቸው። የማወራው ከዑምራ መልስ ዱባይ ላይ አራት ቀን ስለሚጨመርበት ጉዞና፣ ልጆቹ ስለ ረጅሙ ሕንፃ ፎቅ ብዛት እየቆጠሩ አዋሽ ከየት እንደሚነሣ ስለማያውቁበት ቤት ነው። አባትየውን ብትጠይቁት «እዚህ ምን አለና?» ይላችኋል። ቅቤውን ለይታ የምታውቅ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እርሱ ሀገሩን ሳያሸት ይፈርድበታል።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ባሌ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን፣ ወሎ ወደ ጀማ ንጉሥ ከነቤተሰባቸው ስንቅ ቋጥረው ለሳምንታት ይጓዙ ነበር። የዚያራው ሸሪዓዊ ብይን ለዑለሞች ይቆይ፤ እዚህ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። ያ ትውልድ ሀገሩን በእግሩ ያውቅ ነበር። የሐረር ጀጎልን በሮች፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ በስም ብቻ የሚያውቅ ትውልድ የመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው።

እውነት ነው፣ ባለፉት ዓመታት ጸጥታ ብዙ መንገድ ዘግቷል። ልጆቹን ይዞ በማያስተማምን መንገድ ያልወጣን አባት የሚወቅስ ሰው አስተዋይ አይደለም። ነገር ግን ጸጥታ ሰላማዊ በሆነበት ጊዜና ቦታም ያልሄድን መሆናችንን አንርሳ። የመናገሻ ሱባ ደን ከከተማው ምዕራብ በግማሽ ቀን ተደርሶ የሚታይ ነው። ቢሾፍቱም ከዚያ አይርቅም። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተመዝግቧል፤ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይልቅ ፈረንጆች ያወሩለታል። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ይናቃል፤ ቢልሃርዝያ የሌለበት መሆኑን ግን ልጆቹን ይዞ የሄደ ያውቀዋል።

የመዝናኛ ቦታ ባለቤቶችስ? እነርሱም እንደ ጫማ ሰፊው የሌላ ሀገር ማህተም ለጥፈዋል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ወዳለ አንድ መዝናኛ ከቤተሰብ ጋር ብንሄድ፣ የምግብ ዝርዝሩ ፒዛና በርገር ነው፤ ሽሮ የለም። የአልጋው ዋጋ ለመምህር ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። ሙዚቃው ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። የዙህር ሰላት ሲደርስ መስገጃ ቦታ ብንጠይቅ ዘበኛው በትሕትና ከጄኔሬተሩ ጀርባ ያለውን ሣር አሳየን። በአዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሺህ የሙስሊም ቤተሰብ እያለ፣ ሴቶቹ ተከልለው የሚዋኙበት ሁለት ሰዓት እንኳ የሚመድብ አለመኖሩ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የንግድ ዕውቀት ማነስም ነው። ዱባይ ደንበኛዋን ታውቃለች። ወደ እርሷ የሚሄደው ሁሉ ፎቅ ለማየት አይደለም የሚሄደው፤ ምግቡ ሐላል መሆኑን ሳይጠይቅ የሚበላበት፣ በየገበያ አዳራሹ መስገጃ የሚያገኝበት ቦታ ስለሆነም ነው። ይህን ሳናይ ተጓዡን ብቻ መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም።

አንድ ቦታ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከሜክሲኮ ተነሥቶ በጀሞ አድርጎ፣ በዓለም ገና አልፎ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ ይደርሳል። ሰው በድንጋይ መሣሪያ መሥራት ከጀመረበት እጅግ ጥንታዊ ዘመን ጀምሮ የእጁ ሥራ በንብርብር የተቀመጠበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአጠገቡ ካለው ባልጭት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። እዚያው መንገድ ላይ ወደፊት ሲሄዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 36 ናቸው፣ ከእነርሱም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን አይቶ ለመግሪብ ቤት መግባት ይቻላል።

በባልጭት ያለው ባልጩት የሚባለው ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። የጥንቱ ሰው መሣሪያውን ከእርሱ ይፈለፍል ነበር። በደቡብ የሀገራችን ክፍል ደግሞ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ስለት ሲፍቁ በተመራማሪዎች ታይተዋል፤ እነዚያው «ፋቂ» ተብለው ከማዕድ የሚገለሉት ሰዎች። ልጆቹን ይዞ የሚሄድ አባት ድንጋዩን ከማሳየት አልፎ ይህንን ቢነግራቸው ይችላል። ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ግን ስንቁንና ውሃውን ከቤቱ ቢይዝ ይሻለዋል፤ መስገጃውንም እንዲሁ። ልጆቹ መሬት ያዩትን ስለታም ስባሪ ሁሉ ለማንሣት ይሽቀዳደማሉና፣ የቅርስ ቦታ መሆኑን ከመኪና ሳይወርዱ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።